«ቸው» እና «ልኝ»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኛ አገር ግን መልአኩ ብዙ ሥራ ያለው አይመስለኝም። ከፋርጣ እስከ ጋይንት፣ ከእስቴ እስከ እብናት በተዘረጋው ደጋ ስም የሚያወጡት አባት፣ እናት፣ አያትና የድንበር ተካሳሽ ናቸው። የመጨረሻው በቀጥታ አያወጣም፤ ሰበብ ይሆናል እንጂ። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ትልም መሬት ሲካሰስ በከረመበት ዓመት ወንድ ልጅ ተወለደለት እንበል። የልጁ ስም ደምሳቸው ነው። ልጁ ገና ዓይኑን አልገለጠም፤ የሚደመስሳቸው ሰዎች ግን ማዶ በሬያቸውን ጠምደው እያረሱ ይጠብቁታል።

በደብረ ታቦር ዙሪያ ስም ደብዳቤ ነው። ጽፎ የሚልከው ወላጅ ነው፤ የሚደርሰው ለጎረቤት፣ ለሞት ወይም ለእግዚአብሔር ነው። ልጁ ፖስተኛ ነው። ያልጻፈውን መልእክት ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ይዞራል፤ ጠቡ ታርቆ፣ ተካሳሾቹ ሞተው፣ መሬቱም ለሌላ ተሸንሽኖ እንኳ የሚያወርድለት የለም።

የአገሬን ስሞች ባዳመጥሁ ቁጥር ጆሮዬ ላይ የሚቀሩት መጨረሻቸው ላይ ያሉት ሁለት ቅጥያዎች ናቸው፤ «ቸው» እና «ልኝ»። «ቸው» የአባት ነው። በላቸው፣ ደምሳቸው፣ አንዳርጋቸው፣ ጌታቸው፣ አለባቸው። እነዚህ «እነሱ» እነማን እንደሆኑ ሽማግሌ ብትጠይቁ መልሱ «እነሱ ናቸዋ!» ነው፤ አገጩንም ወደ ማዶ ቀና ያደርጋል። ማዶ ተሻግራችሁ ብትጠይቁ አገጩ ወደ መጣችሁበት ይዞራል፤ እዚያም ቤት አንድ በላቸው አለ። ሁለቱ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ደምሳቸው ከበላቸው ላጲስ ይዋሳል፤ በላቸው የደምሳቸውን የቤት ሥራ ይገለብጣል። ጠዋት መምህሩ ስም ሲጠሩ ግን ክፍሉ የጦር ሜዳ ነው። ደምሳቸው! አቤት። በላቸው! አቤት። ማንደፍሮ! ዛሬ አልመጣም።

ከሁሉ የሚከነክነኝ አለባቸው ነው። ምን አለባቸው? ዕዳ ነው? ደም ነው? ያልመለሱት ቁና እህል ነው? ስሙ ይከስሳል እንጂ አይዘረዝርም። ደመላሽ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ነገሩን በግልጽ ይናገራል። የተገደለ አጎት ወይም አያት አለ፤ ደሙን የሚመልሰው ይህ ዛሬ የተወለደው ነው። ዛሬ ደመላሾችን ባንክ ቤት ብር ሲቆጥሩ፣ ጤና ጣቢያ ክትባት ሲሰጡ ታገኟቸዋላችሁ። ደም የሚመልስ ደመላሽ ካለ ደም ባንክ የተቀጠረው ብቻ ነው።

«ልኝ» የእናት ነው። ቢያድግልኝ፣ ተካልኝ፣ አለልኝ። እናት «እነሱ» የሚባሉትን አታውቃቸውም፤ ወይም ታውቃቸዋለች፣ ጊዜ የላትም እንጂ። የእሷ ጉዳይ ከማዶው ሰው ከፍ ካለው ጋር ነው። ክትባትም ሐኪምም ሩቅ በነበሩበት ዘመን ወልዶ መቅበር የዚህ ደጋ እናት የምታውቀው ነገር ነበር። እስቲ ቢያድግልኝ የሚለውን ስም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሉት፤ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ቢያድግልኝ… ምን? ልትሳል ነበር፤ ስለቷን ግን ጨርሳ ለመናገር ፈራች። ልጁ አድጎ፣ አግብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ ጥርሱ ረግፎ በምርኩዝ ሲሄድ እንኳ ሰው ሁሉ «ቢያድግልኝ» ይለዋል። ከዚህ በላይ ምን ይደግ?

ከሞተ ልጅ በኋላ የሚወለደው ደግሞ ምትኩ፣ ተካ፣ ካሣ፣ ካሣሁን ወይም ማስረሻ ነው። የራሱን ጠባይ ሳያሳይ የሌላ ሰው ቦታ ይዞ ይጀምራል። ሞትን ማታለልም ይሞከራል፤ ቀይና ቆንጆ ልጅ ሻንቆ ወይም ባሪያው ይባላል፣ ሞት ንቆት ይለፈው ተብሎ። ቻይናዎችም በገጠራቸው ለዚሁ ብለው ልጃቸውን «የውሻ ትራፊ» ይሉት ነበር። የቻይናው ስም ያስቃል። የኛው ግን በሰው መሸጥና መለወጥ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ እንዲህ ብሎ የሚሰይም ሰው እየጠፋ መሄዱ ደስ ይለኛል።

ካሣ የሚለውን ስም ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ካደረጉት ነገሥታት ሁለቱ የልጅነት ስማቸው ካሣ ነበር፤ ካሣ ኃይሉና ካሣ ምርጫ። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭን ቴዎድሮስ ተባለ። ፍካሬ ኢየሱስ በዚህ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ተናግሯልና፣ ስሙ ባለቤት አጥቶ ሲጠብቅ ኖሮ ነበር። ሌላው ሰው ስም ይወጣለታል፤ ካሣ ስም ውስጥ ገባ። ካሣ ምርጫም በተራው ዮሐንስ ተባለ። ከ«ካሣ» ያልሸሸ ንጉሥ አላየሁም።

ንጉሡም መኳንንቱም ከዚህ ሌላ የፈረስ ስም ነበራቸው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። ጾመኛና ጸሎተኛ የነበሩት ዮሐንስ አባ በዝብዝ ይባሉ ነበር፤ በዚህ ላይ አስተያየት የለኝም። ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ ፈረሱ በባጃጅ ተተክቷል። ባጃጁም ስም አለው፣ ከኋላው በትልቁ ተጽፏል፤ «ቼልሲ» ይላል።

ስም ማውጣት የለመደ ንጉሥ ብረትም ያለ ስም አይተውም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑ ሚስዮናውያን የቀለጠውን ነሐስ አፍስሰው ለቴዎድሮስ የሠሩለት 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ። ሴባስቶፖል በክሪሚያ ጦርነት የተከበበች የሩሲያ ወደብ ነበረች። እንዲህ ነው እንግዲህ አንድ የፋርጣ ተወላጅ በሩሲያ ከተማ ስም ተጠርቶ፣ በብዙ ሰው ትከሻና ገመድ ተጎትቶ መቅደላ የወጣው፤ እዚያው ቀረ። ቴዎድሮስ ልጁን ዓለማየሁ ብሎታል። ዓለማየሁ መቅደላ ስትወድቅ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር፤ እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። በዚህ ስም ላይ ቀልድ አይወጣልኝም፤ ልለፈው።

ከዚህ ሁሉ ስም ጀርባ የተደበቀ ሌላ ስም አለ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጣሉ፤ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል። ይህን ስም የንስሐ አባትና የክርስትና እናት ያውቁታል፤ ሌላው ባያውቀው ይመረጣል። አንዱ ክፉ ደብተራ እጅ ከገባ ምን እንደሚሠራበት አይታወቅማ። በብራና ክታብ ላይ የሚጻፈውም ይኸው ስም ነው። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ይገባበታል። አጋንንቱ አይቀየሩም፤ ደንበኛው ነው የሚቀየረው። ዐውደ ነገሥት የሚገልጠው ኮከብ ቆጣሪም ሥራው በስም ነው፤ የራስን ስምና የእናትን ስም ፊደል በቁጥር ይደምርና በ12 ይገድፋል፤ የተረፈው ኮከብህ ነው። ስንቱ ጥንድ «ኮከባችሁ አይገጥምም» ተብሎ ተለያይቷል። ጥፋቱ የልጅቷም የልጁም አልነበረም፤ የእናቲቱ ስም አንድ ፊደል ትርፍ ነበረው።

ሴት አያቴ የክርስትና ስሟን አንድ ቀን እንኳ ነግራን አታውቅም። ቄሱ ፍትሐት ላይ በዚያ ስም ሲጠሯት ሁላችንም ያን ጊዜ ሰማነው። አንዷ አክስቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ጎን ዞር አለችና «ደግሞ ሌላ ማን ሞተ?» ብላ ጠየቀች።

በስም ብዛት ሴቶቹን የሚያህል የለም። አባት አንድ ይሰጣታል፣ እናት ሌላ፣ ካህኑ ሦስተኛ። ተድራ አማቷ ቤት ስትገባ አማቷ አራተኛውን ታወጣላታለች፤ ዓለምነሽ፣ ጥሩሰው፣ እንደ አማቲቱ መንፈስ። ሙሽራዋም በፈንታዋ የባሏን ቤተ ዘመድ በስማቸው አትጠራም፤ ነውር ነው። የባሏን ወንድም «ወንድም ዓለም»፣ እኅቱን «እታለም» እያለች ለቤቱ ሁሉ ስም ታወጣለች። እንግዲህ ይህች ሴት አንድ ቀን ቀበሌ መታወቂያ ልታወጣ ትሄዳለች። ጸሐፊው ቀና ሳይል «ስም?» ይላታል። «የማን ቤቱን?» ትለዋለች። ጸሐፊው ትቀልድብኛለች ብሎ ይቆጣል፤ እሷ ግን ምርጫ እየሰጠችው ነው።

ስለ ስም ስናወራ የፎገራውን ሰው መዝለል አይቻልም። አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት እዚሁ ታች ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን በዝማሜያቸው ያውቋቸዋል። የጣናን ሸምበቆ ነፋስ ሲያወዛውዘው አይተው መቋሚያውንና ሰውነትን ወደ ግራ ወደ ቀኝ የሚያስኬድ አዲስ አቋቋም ፈጠሩ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው፤ አቋቋሙም እስከ ዛሬ የተክሌ ይባላል። አባት የፈጠረው በልጅ ስም ሲጠራ እኔ ሌላ ቦታ አልሰማሁም። በኛ ሥርዓት የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ልጅ የአባቱን ስም ከኋላው አስከትሎ ይኖራል።

የአባት ስም ማስከተሉ አንዳንዴ ያልታሰበ ዓረፍተ ነገር ይወልዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን እናት ውድነሽ በጣሙ ሲሏት እየሣቁ ነበር ብዬ እገምታለሁ። በላይ ዘለቀም፣ ሙሉቀን መለሰም ስማቸው ከነግሡ ያለቀ ንግግር ነው። በአብዮቱ ሰሞን ልጁን አብዮት ያለ አባት የራሱ ስም ጌታቸው ከሆነ፣ መፈክር ጽፎ ቀበሌ መለጠፍ አያስፈልገውም፤ ልጁን ይልካል።

ችግሩ የሚመጣው ድንበር ሲሻገሩ ነው። ፈረንጅ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ የለንም። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች አንድ አውሮፕላን ተሳፍረው ሲወርዱ የቤተሰቡ ስም ሦስት ዓይነት ነው፤ ሚስት የአባቷን ይዛለች፣ ባል የአባቱን፣ ልጆቹ የባልን። የኢሚግሬሽኑ ሰው ፓስፖርቶቹን እያገላበጠ እነዚህ ሰዎች የት ተዋወቁ ብሎ ይገረማል። አንድ ስም ብቻ በፓስፖርቱ ላይ ሰፍሮለት አሜሪካ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቪዛው ላይ «ኤፍ ኤን ዩ» ይጻፍለታል፤ የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ለማለት ነው። እናቱ ስሙን ይዛ ቆማ የት ይጠፋል!

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲወስድ የውጭ ጋዜጠኞች «ገብረ ሥላሴ! ገብረ ሥላሴ!» እያሉ ነበር የሚጮኹት። ገብረ ሥላሴ ማለት አሰላ አጠገብ ያርሱ የነበሩት አባቱ ናቸው፤ የልጃቸውን ሩጫም መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም ነበር። በመጨረሻ ዓለም ሁሉ በስማቸው አስሮጣቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ብልሃቱን ያገኘ ይመስላል፤ ዋና ዳይሬክተሩን ዶክተር ቴድሮስ እያለ በራሳቸው ስም ይጠራቸዋል። ጃማይካዎቹ ደግሞ ከሁላችን ቀድመዋል። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ነግሠው በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ሲባሉ የተዉትን «ራስ ተፈሪ» አንሥተው ሃይማኖት ሠሩበት።

መንግሥትም የቤተሰብ ስም ሊሰጠን ሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጹ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ መጠሪያ ስምና የአባት ስም አለው ይላል። ሕጉ ታተመ፣ ጸደቀ፣ ፍርድ ቤት ገባ፤ የቤተሰብ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ደብረ ታቦር አልደረሰም። ቱርኮች በፈረንጆቹ 1934 እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣባቸው ሁሉም ስም ፍለጋ ሮጡ፤ መሪያቸው ሙስጠፋ ከማል «አታቱርክ» የተባለው ያኔ ነው። እኛ ሕጉን በጨዋነት አሳለፍነው። እኔ ደግ አደረግን ባይ ነኝ። አይስላንዶች እንደኛው በአባት ስም ይኖራሉ፤ የስልክ ማውጫ ሲያትሙ እንኳ በራስ ስም ነበር የሚደረድሩት፤ አገራቸው አልፈረሰም።

መሬቱ ከሰው ይልቅ ግልጽ ነው። ሐሙስ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ሐሙሲት፣ ዓርብ የሚቆምባት አርብ ገበያ፣ ድንጋይ የተከመረባት ክምር ድንጋይ፣ ነፋስ የሚወጣባት ነፋስ መውጫ። ደብረ ታቦርና ቤተልሔም ግን የክርስትና ስም ደርሷቸዋል። ነሐሴ 13 በመጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ የደብረ ታቦርን በዓል ሲያከብር የኛ ከተማ የስሟን ቀን ታከብራለች።

አሁን አሁን ደግሞ ስም የሚመረጠው ስልክ ተከፍቶ ነው። ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ናታን። ጥሩ ስሞች ናቸው፤ ማንንም አይከሱም፣ ማንንም አይለምኑም። አባትየው ትርጉሙን ሲጠየቅ ስልኩን ያወጣል። አያትየዋ ግን የጋይንት ሰው ናት፤ ስሙ አልያዝላት ሲል ልጁን «ማሙሽ»፣ ልጅቷን «ሚጣ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። አንድ ሰፈር ውስጥ አንዲት አያት «ሚጣ!» ብትጣራ ስምንት ሶልያና ይመጣሉ።

ክስ ያለባቸው ስሞች ይመለሱ አልልም፤ የድንበር ነገር ወረዳ ፍርድ ቤት አለው። «ልኝ» ግን ባይጠፋ እወዳለሁ፤ በአንድ ቃል እንዲህ የሚለምን ስም ስልክ ውስጥ የለም። ለማንኛውም ስም ልታወጡ የተዘጋጃችሁ ወላጆች፣ የመረጣችሁትን ስም በወረቀት ላይ ስላማረ አታጽድቁት። ከጉና የሚወርደው ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ነፋስ መውጫ ውጡና ከአንዱ ሸንተረር ላይ ቆማችሁ በሙሉ ድምፅ ጥሩት። ማዶ ያለው እረኛ ቀና ካለ ስሙ ሠርቷል። ቀና ካላለ ሌላ ፈልጉ፤ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን አላችሁ።